የሕፃናት የኵላሊት በሽታና ሐኪሞች ምሥጢሩን የገለጡበት መንገድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



በዚህ በደስታ ቀን ስለ በሽታ ለመናገር መምረጣችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚከበረው ለሰው ልጅ የሚጠቅም ዕውቀት የሚገኝበት ቦታ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁ ታሪክ፣ ሕፃናትን ይገድል የነበረ አንድ የኵላሊት በሽታ ከየት እንደ መጣ ሐኪሞች በትዕግሥት ጠይቀውና መዝገብ መርምረው እንዴት እንደ ደረሱበት የሚያስረዳ ነው። ነገሩ የተፈጸመው በሩቅ አገር በፊንላንድ ነው። የሠሩበት ዘዴ ግን ለደምበጫና ለአካባቢዋ ሽማግሎች እንግዳ አይደለም፤ ይኸውም የትውልድ ሐረግ ቈጠራ ነው።

አስቀድመን ስለ ኵላሊት ጥቂት እንናገር። ኵላሊት ከወገባችን ከፍ ብሎ በጀርባ በኩል፣ በግራና በቀኝ የሚገኝ፣ መልኩም የባቄላ ፍሬ የሚመስል ጥንድ የሰውነት ክፍል ነው። በእያንዳንዱ ኵላሊት ውስጥ በዓይን የማይታዩ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጥለያዎች አሉ። በአንድ ትልቅ ሰው ሰውነት ውስጥ በቀንና በሌሊት 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም በነዚህ ይጣራል። ከዚህ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ወይም ሁለት ሊትር ያህል ብቻ ነው።

ጠላ የምታጠል እናት ጨርቁ ከተቀደደ አተላው ከጠላው ጋር እንደሚወርድ ታውቃለች። የኵላሊትም ማጥለያ ሲበላሽ በደም ውስጥ መቅረት የሚገባው ነገር ከሽንት ጋር ይፈስሳል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ፕሮቲን የተባለው ንጥረ ነገር ሲወጣ ነው። ፕሮቲን ውሃን በደም ሥር ውስጥ ይዞ የሚያቆይ ስለ ሆነ፣ እርሱ ሲያልቅ ውሃው ወደ ሥጋ ይሰርጋል። በዚህ ጊዜ የሕፃኑ ዓይን ጧት ጧት ያብጣል፤ ቀጥሎም እግሩና ሆዱ ይነፋል፤ ሽንቱም አረፋ ያበዛል።

ይህን የመሰለ እብጠት በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት በሦስት ሕፃናት ላይ ሲደጋገም ሰው ምን ይላል? «እርግማን ነው» ይላል፤ ወይም «ከእናቲቱ ነው» ብሎ በሴትየዋ ላይ ይፈርዳል። እናትም ልጇን ከመቅበሯ ሌላ የነቀፋውን ሸክም ትሸከማለች። ዛሬ የምንናገረው ታሪክ ይህን ፍርድ የሚሽር ስለ ሆነ በደንብ እንድታደምጡን እንለምናለን።

ከዚህ በታች የፊንላንድን ነገር ስንናገር ዘመኑን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠራለን።

በ1956 ኒሎ ሐልማን የሚባሉ የፊንላንድ የሕፃናት ሐኪም ከሥራ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው፣ ገና በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚታይ አንድ የኵላሊት በሽታ በጽሑፍ ገለጡ። ሕፃናቱ ብዙውን ጊዜ ያለ ጊዜያቸው ይወለዳሉ፤ የእንግዴ ልጃቸውም ከተለመደው እጅግ የበለጠ ትልቅ ነው። በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰውነታቸው ያብጣል። በዚያ ዘመን መድኃኒት ስላልተገኘለት፣ አብዛኞቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በፊንላንድ ከ8,000 ሕፃናት አንዱ ያህል በዚህ በሽታ ተይዞ ይወለዳል፤ በሌላው ዓለም ግን በሽታው ከዚህ ይልቅ ጥቂት ነው። እንግዲህ በዚያ አገር ለምን በዛ?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተነሡት ሬዮ ኖሪዮ የሚባሉ ሌላ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። እርሳቸው የመረመሩት ደምና ሽንት ብቻ አልነበረም። ሕፃናቱ የተወለዱባቸውን ቤተ ሰቦች ነገር ተከታተሉ፤ የአባትንና የእናትን ወገን ወደ ላይ ቈጠሩ። በፊንላንድ ቤተ ክርስቲያን የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይጠበቅ ስለ ነበረ፣ የቃል ወሬ ያልደረሰበትን መዝገቡ ነገራቸው። የ57 ቤተ ሰቦችን ሐረግ አጥንተው ውጤቱን በ1966 አሳተሙ።

የተገኘውም ነገር ይህ ነው። የታመሙት ሕፃናት ወላጆች ራሳቸው ጤነኞች ናቸው። በሽታው ወንድና ሴት ሳይለይ ይይዛል። ብዙዎቹ ባልና ሚስት ዝምድና እንዳላቸው አያውቁም ነበር፤ ሐረጋቸው ወደ ኋላ ሲቈጠር ግን ከብዙ ትውልድ በፊት በኖሩ ቅድመ አያቶች ላይ ይገናኝ ነበር። በድሮ ዘመን ጥቂት ቤተ ሰቦች ጫካ መንጥረው የመሠረቱት መንደር ለብዙ ዘመን ከሌላው ርቆ ሲኖር፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የያዘው የተደበቀ ጉድለት በልጅ ልጆቹ ይሰራጫል።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። እያንዳንዳችን ሰውነታችን የሚሠራበትን መመሪያ በሁለት ቅጂ እንወርሳለን፤ አንዱን ከአባት፣ ሁለተኛውን ከእናት። አንዱ ቅጂ ስሕተት ቢኖርበት ሁለተኛው ይበቃል፤ ሰውየውም ጉድለት መያዙን ሳያውቅ ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። አባትም እናትም በዚያው ስፍራ አንዳንድ የተሳሳተ ቅጂ ከያዙ ግን፣ ልጁ ሁለቱንም የተሳሳቱ ቅጂዎች ሊወርስ ይችላል። ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህ ማለት ከአራት ልጆች አንዱ ብቻ ይታመማል ማለት አይደለም፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕጣው እንደ ገና ይጣላል ማለት ነው። እንግዲህ ጉድለቱ ከሁለቱም ወላጆች እኩል የሚመጣ ከሆነ፣ እናትን ብቻ የሚነቅፍ ሰው ያለ ዕውቀት ይፈርዳል። አባትንም ቢሆን መንቀፍ አይገባም፤ ሰው የወረሰውን አልመረጠምና።

ወላጆቻችን ሆይ፣ የዘር ቈጠራ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። በጎጃም እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠየቀው እስከ ዋናው አባት ድረስ ትውልድን በመቍጠር ነበር። ጋብቻም ሲታሰብ ሽማግሎች ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። ይህ ልማድ የቅርብ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ስለሚከለክል፣ እንደዚህ ያለውን የተደበቀ ጉድለት በአንድ ቤት የመገናኘት ዕድል ይቀንሳል። ፈጽሞ ያጠፋል ግን አንልም፤ በፊንላንድ እንደ ታየው ጉድለቱ ከብዙ ትውልድ በላይ ተደብቆ ሊሄድ ይችላልና። ስለዚህ ሰባት ቤት ቈጥረው የተጋቡ ሰዎች ልጅ ቢታመም «በደንብ አልቈጠሩም» ተብለው ሊወቀሱ አይገባም።

የኖሪዮ ሥራ በዚያ አልቀረም። በ1998 ካርል ትሪግቫሶን የሚባሉት ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው ጉድለቱ የሚገኝበትን ስፍራ ለይተው አወቁ። በዚያ ስፍራ የሚታዘዘውንም ፕሮቲን ከኵላሊት ስም ወስደው «ኔፍሪን» አሉት። ኔፍሪን በኵላሊቱ ማጥለያ ላይ ቀዳዳዎቹን አጥብቦ የሚይዝ እንደ ሽመና ድር ያለ ነገር ነው። እርሱ የሌለው ሕፃን ማጥለያው ክፍት ሆኖ ይወለዳል። ይህ ግኝት የጥቂት ፊንላንዳውያንን በሽታ ከማስረዳት አልፎ፣ የማንኛችንም ኵላሊት ፕሮቲንን እንዴት እንደሚጠብቅ አስተማረ።

ሕክምናውም እንዲሁ ተራመደ። በሔልሲንኪ ከተማ ሐኪሞች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለሕፃናቱ ፕሮቲን በደም ሥር እየሰጡ፣ የተበላሹትን ኵላሊቶች አውጥተው ደማቸውን በሌላ ዘዴ እያጣሩ፣ ክብደታቸው ወደ 10 ኪሎ ሲደርስ የሌላ ሰው ኵላሊት ይተክሉላቸው ጀመር። ቀድሞ ሳይድሁ ይሞቱ የነበሩት ሕፃናት ትምህርት ቤት ለመግባት በቁ። በአገራችንም የኵላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ከላይ የነገርናችሁ በሽታ ከስንት አንድ የሚገኝ ነው። በየመንደሩ ሊያጋጥሙ የሚችሉት የሕፃናት የኵላሊት በሽታዎች ሌሎች ናቸው። ከነዚህ አንዱ የጉሮሮ ቁስል ወይም በእከክ ላይ የሚወጣ መግል ያለበት ቁስል ከያዘ በኋላ፣ አንድ ወይም ሦስት ሳምንት ያህል ቈይቶ ይመጣል። የልጁ ፊት ያብጣል፤ ሽንቱ ያንሳል፤ መልኩም እንደ ጠላ ይጠቍራል። በጊዜ ወደ ሐኪም የደረሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሁለተኛው ደግሞ ፕሮቲን በብዛት የሚያፈስሰውና መላ ሰውነትን የሚያሳብጠው ነው፤ ይህም በብዙ ሕፃናት ላይ ሐኪም በሚያዝዘው መድኃኒት ይመለሳል። መድኃኒቱ ግን ሐኪም ሳያዝዝ የሚጀመር ወይም እብጠቱ ስለ ጎደለ ብቻ የሚቋረጥ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፣ የልጆችን ገላ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ እከክና ቁስልንም «ራሱ ይድናል» ብሎ አለመተው። ሁለተኛ፣ የልጅ ፊት ጧት ሲያብጥ ወይም ሽንቱ ሲጠቍር ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፤ በዚያ በሽንት ላይ የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው፤ በሽታው ከጠናም ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። ሦስተኛ፣ በቤታችሁ የተወለደውንም የሞተውንም፣ የበሽታውንም ምልክት ሳትደብቁ ለሐኪም መንገር። የፊንላንድ ወላጆች ታሪክ ባይነገርና በመዝገብም ባይጻፍ ኖሮ፣ የኖሪዮ ዕውቀት ብቻውን ምንም ባልሠራ ነበር።

ለጓደኞቻችንም አንድ ቃል አለን። ምርምር የሚጀመረው ውድ በሆነ መሣሪያ ብቻ አይደለም። «ለምን በዚህ ቤት? ለምን በዚህ አገር?» ብሎ ከመጠየቅና የተሰማውን በጥንቃቄ ከመጻፍ ይጀመራል። ከደምበጫ ልጆችም መካከል ነገ የሕፃናትን ኵላሊት የሚመረምር ሐኪም እንዲወጣ ተስፋችን ጽኑ ነው። ያ ሐኪም ወደ ደጃችሁ መጥቶ የአያቶቻችሁን ስም ሲጠይቃችሁ፣ እስከ ሰባት ቤት ቈጥራችሁ ንገሩት።