ልጅ ባህሉን በእጁ ይወቅ
(የማህበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያደረጉት ንግግር)



የማቀርበው ጉዳይ የልጆቻችን ጉዳይ ነው። ኮሚቴው ለ7 ቅዳሜዎች በማህበሩ ግቢ ልጆችን የእጅ ሥራ እናስተምር ብሎ ተስማምቷል። ለምን እንደ ተስማማ ላስረዳ።

እኛ ባህል ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው በዓል ነው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ሲወጣ ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን። ልጁ ያያል፣ ያጨበጭባል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ የዓድዋን ዘመቻና የአርበኝነቱን ዘመን ፈረሶች ውለታ የሚያስታውስ ማህበር መሆኑን ስንቱ ልጅ ያውቃል? ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ ግላሱ በማን እጅ እንደሚሠራስ? ፈረስ በእኛ አገር ለሠርግም ነው፣ ለለቅሶም ነው፣ ለእርሻም ነው። ልጁ ግን የሚያውቀው የበዓሉን ፈረስ ብቻ ነው። ማየትና ማወቅ እኮ አንድ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 3 ቅዳሜዎች የቀርከሃ ይሆናሉ። ቀርከሃ በጓሯችን አለ፤ አጥራችን፣ ወንበራችን፣ ቅርጫታችን ነው። ልጆቹ በመጀመሪያ ቀርከሃውን መለየት ይማራሉ። የ1 ዓመቱ ገና ለስላሳ ነው፤ ቢቆረጥ ይጨማደዳል፣ ነቀዝም ቶሎ ይገባበታል። ለሥራ የሚሆነው 3 ዓመትና ከዚያ በላይ የሞላው ነው። ከዚያ አንጓውን መላግ፣ ስንጥቁን ማሳሳት፣ ማጎንጎን ይከተላል። ቢላዋ የሚይዘው ትልቅ ሰው ብቻ ነው። የቀርከሃ ስንጥር እጅ ስለሚቆርጥ እያንዳንዱ ልጅ ወፍራም ጨርቅ ይዞ ይምጣ።

አንዳንድ ወላጅ «ልጄ ትምህርቱን ያጥና እንጂ ቅርጫት ምን ያደርግለታል» ብሏል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይኸው ነው። በአንድ ረጅም ስንጥቅ ዙሪያውን የሚጎነጎን ቅርጫት የቆሙት እንጨቶች ቁጥር ጎዶሎ መሆን አለበት፤ 15 ወይም 17። ሙሉ ቁጥር ከሆነ ስንጥቁ በሁለተኛው ዙር በዚያው በፊተኛው ቦታ ላይ ያልፍና ሽመናው አይያያዝም። ጎዶሎና ሙሉ ቁጥርን በዚህ የተማረ ልጅ ይረሳዋል? እኔ የተማርኩት አንደኛ ደረጃ ብቻ ነው፤ በእጅ የገባ ነገር ግን ከጭንቅላት እንደማይወጣ አውቃለሁ።

አራተኛው ቅዳሜ የፈረስ ዕቃ ነው። ፈረስ ያላቸው አባላት ኮርቻና ልጓም ያመጣሉ። ልጆቹ ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ፣ የእያንዳንዱን ስም በአማርኛም በአውንጊም ይጽፋሉ። አውንጊ በትምህርት ቤቶቻችን የሚሰጥ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ የሌለው ጘ የሚባል ፊደል እንኳ አለው። አያቶች የሚያውቁትን ስም ልጆች ይጻፉት። አያትየው ቃሉን፣ ልጁ ፊደሉን ያዋጣሉ ማለት ነው።

አምስተኛውና ስድስተኛው የሸክላና የጥጥ ነው። እዚህ ላይ ፊት ለፊት የምናገረው ነገር አለ፤ ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። ሸክላ የምትሠራውን እናት፣ ማረሻ የሚቀጠቅጠውን አባት በስውር የምንሰድብ፣ «ቡዳ» የምንል፣ ልጃችንን ከልጃቸው ጋር እንዳይጫወት የምንከለክል አለን። በምጣዳቸው እየጋገርን፣ በማረሻቸው እያረስን! ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው እኮ። ልጁን «ባህልህን ውደድ» ብለን ባህሉን የሠራውን እጅ እንዲንቅ ካደረግነው ምን አስተማርነው? ስለሆነም ሸክላ ሠሪዎቹ የሚመጡት በአስተማሪነት ነው። ወንበር ይቀርብላቸዋል፣ «እማማ» እየተባሉ ይጠራሉ፣ የቀን አበል ከማህበሩ ሣጥን ይከፈላቸዋል። ይህ የኮሚቴው ውሳኔ ነው።

ሰባተኛው ቅዳሜ የሌላ አገር ይሆናል፤ አገሩም ሃይቲ ነው። «ከየት አመጣችሁት» ትሉ ይሆናል። ሃይቲ በካሪቢያን ባሕር ያለች የጥቁር ሕዝብ አገር ናት። ሕዝቧ በፈረንሳዮች ባርነት ሥር ነበር፤ ተዋግቶ የናፖሊዮንን ጦር አሸንፎ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1804 ነፃነቱን አወጀ። ከዓድዋ ድል 92 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ብዙ ሳይቆይ ቤኒቶ ሲልቬን የተባለ የሃይቲ ሰው ዐፄ ምኒልክ ዘንድ መጥቷል። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ሲወረን በመንግሥታት ማኅበር የሃይቲው ተወካይ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ተነሥተው፣ ዛሬ በኢትዮጵያ የደረሰው ነገ በማናችንም ላይ ሊደርስ ይችላል ብለው ተሟግተውልናል። የትናንት ወዳጅን ማወቅ ነውር የለውም።

ልጆቹ ግን ይህን ሁሉ በንግግር ብቻ አይሰሙም። ዱባ ይልጣሉ። የሃይቲ ሕዝብ በየዓመቱ በነፃነቱ ቀን የሚበላው የዱባ ሾርባ አለ፤ በሥጋና በአትክልት ይሠራል። በባርነት ዘመን ባሮቹ ለጌቶቻቸው ይቀቅሉት ነበር፤ እነሱ ግን እንዲቀምሱ አይፈቀድላቸውም ነበር። ነፃ በወጡ ጊዜ ያንኑ ሾርባ በአደባባይ በሉት። በ2014 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። ዱባ በእኛም ጓሮ አለ። ልጁ ዱባውን እየከተፈ ያንን ታሪክ ከሰማ፣ ነፃነት ማለት ምን እንደሆነ በምላሱም ያውቀዋል። የራሱን ያወቀ ልጅ የሌላውን ሲያይ አይስቅም፤ ይጠይቃል።

እንግዲህ ከእናንተ የምንፈልገው ጥቂት ነው። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 13 የሆኑ ልጆችን፣ ወንዱንም ሴቷንም እኩል፣ በጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። ክፍያ የለም። ቀርከሃ ያለው የደረሰውን 2 ዘንግ ያዋጣ፤ ዱባ ያለው ለሰባተኛው ቅዳሜ ያስቀምጥ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች እንዳይቀሩ ጎረቤት ከጎረቤት ተራ ይግባ። የልጆቹን ሥራ በመጨረሻው ቀን በማስታወቂያ ሰሌዳችን ሥር እናሳያለን፤ የተሠራው ቅርጫትም ለልጁ ይሰጣል፤ ለእናቱ ይዞላት ይሂድ።

ሽማግሌዎቻችን በሕይወት እያሉ፣ ቀርከሃውም በጓሯችን እያለ እንጀምር።