ከክሬኑ አትውረድ፣ ወደ ክሬኑም አትጠጋ



ግንባታ ላይ የሚውሉ ወንድሞቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ክሬን ጎማ አለው፤ ጎማ ደግሞ ኮረንቲ አያሳልፍም። ታዲያ ሽቦ ቢነካ ምን ያመጣል?» ይላሉ። ዛሬ ሳልመልሰው አልሄድም።

ክሬን ዕቃ ሲያነሳ በጎማው አይቆምም። የብረት እግሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ መሬት ይረግጣል፤ ኮረንቲውም በእነሱ በኩል ይወርዳል። ጎማውም ቢሆን አያስጥልም። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት እንኳ ሰው ይገድላል፤ በየመንገዱ ዳር በምሰሶው ጫፍ የሚያልፈው ሽቦ ግን 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት የተሸከመ ነው፤ በአብዛኛውም ምንም ሽፋን የለውም። ገልባጭ ጭናችሁ ሳጥኑን የምታነሱም፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

የእኛ አገር አቀማመጥ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ከዲላ ወናጎ፣ ከወናጎ ይርጋጨፌ፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከላይኛው መንገድ የቆመ ክሬን ገና ክንዱን ሳይዘረጋ ከታች ከተተከለው ምሰሶ ጫፍ ጋር ሊተካከል ይችላል። መንገዱ በአፈር ተሞልቶ ከፍ ሲል ሽቦው እዚያው ነው፤ የሚጠበው መሃል ያለው ክፍተት ነው። ከእንሰቱና ከቡናው በላይ ዋንዛው አለ። መስከረም 2016 በዩኔስኮ በተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ያለው ይህ ጥላ ሽቦውን ከኦፕሬተሩ ዓይን ይሰውረዋል።

አሁን ዋናውን ልናገር፤ እባካችሁ ሬዲዮውን ከፍ አድርጉት። ክሬን ሽቦ ሲነካ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጋቢና ውስጥ ያለው ሰው አይደለም። መሬት ቆሞ ጭነቱን በገመድ የሚመራው፣ የፌሮውን እስር በእጁ የያዘው፣ ወይም ሊረዳ የሮጠው ነው። ሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ የማትሞተው ሌላ ነገር ስለማትነካ ነው፤ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠውም እንደዚያው። አንድ እግሩን መሬት አሳርፎ ብረቱን የያዘ ግን ለኮረንቲው መንገድ ይሆናል።

ስለዚህ ኦፕሬተር ሆይ፣ አትውረድ። ከቻልክ ክንዱን ከሽቦው አርቀው፤ ካልቻልክ ሰው እንዳይቀርብ እየጮህክ መብራቱ በመብራት ኃይል ሰዎች እስኪቆረጥ ተቀመጥ። እናንተ ከታች ያላችሁ፣ ወንድማችሁ ቢሆንም አትጠጉ፤ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ። እጁን ልያዝለት ያለ ሰው አብሮት ይሄዳል። እሳት ተነስቶ መውረድ ግድ ከሆነ ብቻ፣ ብረቱንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳትነካ፣ እግርህን ገጥመህ ዝለል። በዙሪያው ያለው መሬትም ኮረንቲ አለው፤ ሁለቱን እግሮችህን ሳትነጣጥል መሬት ለመሬት እየጎተትህ ራቅ።

ሰዓቱ እያለቀብኝ ነው። «መብራት ጠፍቷል፣ ቶሎ እናንሳ» የምትሉ ፎርማኖች፣ ተዉ! የጠፋው መብራት መቼ እንደሚመለስ ለማንም አይነግርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አደጋውን ለሠራተኛው የማሳወቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ከመንደር ምሰሶ ሽቦ ክሬኑም ጭነቱም ከ3 ሜትር አይቅረብ፤ ከትልልቆቹ የብረት ማማዎች ደግሞ እጅግ ይራቅ። ሌላ ሥራ የሌለው፣ ሽቦውን ብቻ የሚያይ አንድ ሰው አቁሙ። ሽቦው የሚቀርብ ከሆነ ቀድማችሁ 905 ደውሉ፤ ባለሙያዎቹ መጥተው መስመሩን ቆርጠው መሬት እስኪያስይዙት ጠብቁ።

ነገ ጠዋት ፈረቃ የምትገቡ፣ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ገመድ የሚይዘውን ልጅ ጥሩትና ይህን ንገሩት፦ ክሬኑ ሽቦ ከነካ ገመዱን ልቀቅ፣ ራቅ፣ ማንንም ለማውረድ አትመለስ።