ቀዩ መስመር ወርቅ ነው

ውድ የዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎች፣

ይህን ጠርሙስ ከኋላ ያላችሁም እንድታዩት ከፍ ላድርገው። ካርካዴ ይመስላል፤ ግን ወርቅ ነው። ምንም ቀለም አልጨመርኩበትም። እናቶቻችን ከአንገታቸው የሚያስሩት ያው ወርቅ፣ ወደ 20 ናኖሜትር ስፋት ባላቸው እንክብሎች ተከፋፍሎ ውሃ ውስጥ ተበትኗል። በአንዲት የጸጉር ዘለላ ውፍረት ላይ ጎን ለጎን ቢደረደሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

ቢጫው ወርቅ ለምን ቀላ? እንደ ወርቅ ባለ ብረታ ብረት ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ። ብርሃን ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ የኤሌክትሪክ መስክ ነው። በማኅሌት ካህናቱ በከበሮው ምት መቋሚያቸውን ይዘው አንድ ላይ ወዲህና ወዲያ ሲሉ ያያችሁ ነገሩ ይገባችኋል፤ በትንሿ እንክብል ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖችም እንዲሁ በአንድነት ይወዛወዛሉ። ይህ የኅብረት ውዝዋዜ ፕላዝሞን ይባላል፤ ጥናቱም ፕላዝሞኒክስ። እንዲህ ላለው የወርቅ እንክብል ምቱ የሚገጥምለት 520 ናኖሜትር አካባቢ ያለው አረንጓዴ ብርሃን ነው። አረንጓዴውን እንክብሉ ይውጠዋል፤ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ቀሪው ነው፤ እሱም ቀይ።

ተማሪ ሳለሁ ይህን ፈሳሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ አልቀላልኝም። አሠራሩ ከባድ አይደለም። የወርቅ ጨው የሟሟበትን፣ ብርዝ የመሰለ ውሃ አፍልታችሁ ሲትሬት ትጨምሩበታላችሁ። ቢጫው ይጠፋል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል። የኔው ጠቆረ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ በዚያው ቀረ። ማንም ሳያየኝ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት፤ በማስታወሻ ደብተሬም ላይ አንዲት ቃል አልጻፍኩም።

ጥፋቱ የዕቃው ነበር፤ በደንብ አልታጠበም። የጨው ቅሪት ሲያገኛቸው እንክብሎቹ ይጣበቃሉ፤ ሲቀራረቡ የአንዱ ውዝዋዜ ሌላውን ይነካዋል፤ ምታቸው ይዘገያል፤ ያኔ የሚውጡት አረንጓዴውን ሳይሆን ወደ ቀይ ያለውን ብርሃን ይሆናል፤ ፈሳሹም ሰማያዊ ይመስላል። ይህ የቀለም ለውጥ ዛሬ ራሱን የቻለ መመርመሪያ ነው። እንክብሎቹን የሚያቀራርብ ነገር ፈሳሹ ውስጥ መኖሩን በዓይን ታውቃላችሁ። እኔ ያን ቀን የደፋሁት እሱን ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዴይ ግን አልደፋም። የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ የተማረው ሙያ መጽሐፍ መጠረዝ ነበር። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ስስ የወርቅ ቅጠል በብርሃን ፊት ምን እንደሚሆን ሲመረምር፣ ቅጠሉን ያጠበበት ፈሳሽ ፈዘዝ ያለ ቅላት እንዳለው አየ። እጣቢ ነው! ሥራው ቅጠሉ ላይ ነበር፤ እጣቢውን ቢደፋው የሚወቅሰው አልነበረም። እሱ ግን ቀዩን ፈሳሽ ሆን ብሎ እየሠራ አጠና፤ የብርሃን ጨረር ሲያሳልፍበት ጨረሩ ፈሳሹ ውስጥ ሲያበራ አየ፤ እጅግ የደቀቀ ወርቅ መሆኑንም ተረዳ። ይህን በ1857 እ.ኤ.አ. በንግግር አቀረበ። ቀለሙን በሒሳብ ያስረዳው ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ ነው፤ እሱም በ1908። በመካከሉ 51 ዓመት አለ።

ልጆቼ፣ ይህ የለንደን ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ወባ ካለበት ቀበሌ ነው የመጣችሁት። ጤና ኬላ ገብታችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጣታችሁን ወግታ፣ የደም ጠብታዋን በትንሿ ፕላስቲክ ላይ አድርጋ፣ ሩብ ሰዓት ያህል እንድትጠብቁ ነግራችኋለች። ከዚያ ቀይ መስመር ወጣ። በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች ላይ ያ ቀይ መስመር በእጄ ያለው ወርቅ ነው። ከወርቁ ጋር የወባን ተውሳክ ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ ተጣብቋል፤ ፕሮቲኑ ካለ ወርቁ መስመሩ ላይ ይያዛል፤ ይከማቻል፤ ይቀላል። መብራት የለ፣ ማይክሮስኮፕ የለ። ወርቁ ብርሃንን አጥብቆ ስለሚውጥ ጥቂቱ ለዓይን ይበቃል።

አሁን ደግሞ መስመሩ ያልወጣበትን ሕፃን አስቡት፤ ትኩሳቱ ግን አልበረደም። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች ኤች አር ፒ 2 የሚባለውን ፕሮቲን ነው የሚፈልጉት። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል ያጡ ተውሳኮች አሉ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ከፔሩ አማዞን ተዘገቡ፣ ኋላም በኤርትራና በእኛ አገር ተገኙ። ልጁ ወባ ይዞታል፤ መመርመሪያው የለም ይላል። ይህ የታወቀው፣ ባዶውን ፕላስቲክ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ከመጣል ይልቅ «ለምን?» ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ሌላ ፕሮቲን የሚይዙ መመርመሪያዎች አሉ፤ ወርቁ ያው ነው፣ የሚቀየረው የታሰረበት ነገር ነው። የኬሚስትሪ ተመራቂ፣ የባዮሎጂ ተመራቂ፣ የፊዚክስ ተመራቂ፣ በዚህ ሥራ ላይ ለሦስታችሁም ቦታ አለ።

ፋራዴይ የሠራቸው ቀይ ፈሳሾች በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀምጠዋል፤ ከ160 ዓመት በላይ ቆይተውም እንደቀሉ ናቸው። እኔም ይህን ጠርሙስ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ትቼው እሄዳለሁ። ክዳኑን አጥብቁት፣ ጨው አታስጠጉበት። አንድ ቀን መጥታችሁ ሰማያዊ ሆኖ ካገኛችሁት ቀኑን መዝግቡና ጻፉልኝ።