ሰው ሳይቆምበት ሶፍትዌር ስለ መጫን
ለኮምፕዩተር ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናወሳችሁ ነገር ከሚያስመካው የሚያሳፍረው ይበዛል።

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የላቦራቶሪውን ሃያ ኮምፕዩተሮች ማሰናዳት የክበባችን ፈንታ ነው። በእያንዳንዱ ፊት ተቀምጠን «እሺ፣ እሺ» ስንል መዋል ቢሰለቸን፣ ከኡቡንቱ ትንሹን መሠረት ብቻ ቀድተን፣ የቀረውን ሁሉ እንዲጭን አንድ ስክሪፕት ጻፍን። ማታ አስጀምረነው ወደ እራታችን ሄድን። ጧት ስንመጣ ሃያውም በአንዲት ጥያቄ ላይ ተገትረው አገኘናቸው፤ «የምትኖሩት በየትኛው የዓለም ክፍል ነው?»

ለአፕት «ሰረዝ ዋይ» የምትባለውን ምልክት ሰጥተን ነበር። እርስዋ ግን የምትመልሰው አፕት ራሱ «ልቀጥል ወይ?» ሲል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የሚያነሣው ጥያቄ በዴብኮንፍ በኩል ይመጣል።

ተናደድንና አፉን ዘጋነው፤ «ዴቢያን ፍሮንትኤንድ» የሚባለውን ተለዋዋጭ «ኖንኢንተራክቲቭ» አልነው። በማግሥቱ ሁሉም አልቆ ስናገኘው እጅግ ደስ አለን። ዴብኮንፍ ግን ዝም አለ እንጂ ጥያቄውን አልተወውም ኖሯል፤ ከራሱ መልስ አንሥቶ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ ሰዓት ሞላው፤ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ማለት ነው። ሰዓት ስንቆጥር ከፈረንጁ በስድስት መለየት የለመድን ሰዎች ስለ ሆንን ይሆናል፣ ሳምንት ሙሉ ማንም አላስተዋለም። በላቦራቶሪው የሚታተም የቤት ሥራ ሰዓቱ ከላይ ይጻፍበታል። በአንድ ጊዜ ካስረከቡት ሁለት ተማሪዎች በላቦራቶሪው ያተመው «በጊዜው»፣ በራሱ ኮምፕዩተር ያተመው «ዘግይቶ» ተባለና ነጥብ ተቀነሰበት። ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ለመምህሩ ሄደን እስክንናገር ድረስ ነጥቡ አልተመለሰለትም።

እንደ ገና ከመሠረቱ ስንጭን መልሱን «ዴብኮንፍ ሴት ሴሌክሽንስ» በሚባለው ትእዛዝ አስቀድመን ሰጠን፤ ክፍለ ዓለም አፍሪካ፣ ከተማ አዲስ አበባ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከዴቢያን 3.1 ጋር የወጣው መጫኛም ጥያቄዎቹን ሁሉ ፕሪሲድ ከሚባል ፋይል አንብቦ መመለስ ይችላል። በዚያ ፋይል ላይ የይለፍ ቃሉን እንዳለ የሚጽፍ አይጠፋምና፣ እባካችሁ ተመስጥሮ ይጻፍ።

ሌላው ስክሪፕት ካልተከለከለ በቀር የከሸፈውን ትእዛዝ አልፎ መቀጠሉ ነው። ሌሊት መረቡ በተቋረጠባቸው ሦስት ኮምፕዩተሮች ላይ የመጨረሻው መስመር «ተፈጸመ» ብሎ ጽፎ ነበር። አሁን ከራስጌው «ሴት ሰረዝ ኢ» የሚል መስመር አለ፤ ሲከሽፍ እዚያው ይቆማል። የሠራውም በመዝገብ ፋይል ይቀመጣል፤ ጧት ከቡና በፊት የምናነበው እርሱን ነው።

የመልሶቹ ፋይል በክበቡ ማኅደር ይገኛል። ያልተመለሰ ጥያቄ ያገኘ ሰው ይጨምርበት።