የተመዘገበ ሁሉ ገዢ አይደለም
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በዘንድሮው ዕቅዳችን ውስጥ «ዌቢናር» የሚል ቃል ገብቷል። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ያላችሁ ስላላችሁ ጥቂት እናስረዳ። ዌቢናር በኢንተርኔት የሚደረግ ገለጻ ነው። እኛ ጎንደር ሆነን ስለ ጋቢያችንና ስለ ሞሰባችን እንናገራለን፤ ገዢው አዲስ አበባ ወይም ጀርመን ሆኖ ያያል፣ ይጠይቃል። የምንፈልገው ለራሱ አንድ ጋቢ የሚገዛውን ሰው ሳይሆን ለሆቴሉ ወይም ለሱቁ ሃምሳና መቶ የሚያዝዘውን ድርጅት ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ደግሞ በአንድ ቀን አይወስንም፤ ያማክራል፣ ዋጋ ያወዳድራል። ስለዚህ በዌቢናሩ ቀን ሽያጭ አንጠብቅ። የምናገኘው ወደፊት ሊገዛን የሚችለውን ድርጅት ስምና አድራሻ ነው።

ችግሩ፣ ጋቢ በስክሪን አይዳሰስም። የእጅ ፈትልና የፋብሪካ ክር በስልክ ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በዚህ የቡና ሰዎች ቀድመውናል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወቅት «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ሲካሄድ 1,459 ናሙና ቀርቦ ነበር። የውጭ አገር ቀማሾች መምጣት ስላልቻሉ የተመረጠው ናሙና ያሉበት ድረስ ተላከላቸው። ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት በተደረገው ጨረታ አንደኛ የወጣው የሲዳማው የአቶ ንጉሤ ገመዳ ቡና በአንድ ፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጠ። ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም! እንዲህ ያለ ዋጋ አናልም፤ ቅደም ተከተሉን ግን እንውሰድ። ናሙናው ገዢው እጅ ከገባ በኋላ ነው ስብሰባው የሚጠራው።

ሰዓት ላይም እንጠንቀቅ። «9 ሰዓት» ብለን ብንጋብዝ ጀርመናዊው በራሱ ጠዋት 9 ላይ ይጠብቀናል፤ እኛ ከቀኑ 9 ላይ ስንደርስ እሱ ሄዷል። ግብዣው ላይ የሁለቱም አገር ሰዓት ይጻፍ። ነፃው ዙም ከ40 ደቂቃ በኋላ ስለሚዘጋ 20ውን ለገለጻ፣ የቀረውን ለጥያቄ እናድርገው። ገንዘብ ከፍለን የምናስረዝምበት ምክንያት አይታየንም።

በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የደባርቅና የዳባት አባሎቻችን በቀጥታ ይገባሉ ብለን ብቻ መተማመን አንችልም። ስትፈትሉና ስትሰፉ አስቀድሞ ይቀረጽ፤ ገለጻው መስመር ካለበት ከከተማው ይተላለፍ። ተናጋሪዋ ግን ሥራውን የምታውቀው አባል ትሁን፣ በአማርኛ ትናገር፣ አስተርጓሚ ይኑር። እንግሊዝኛ ስለሚችል ብቻ ፈትል የማያውቅ ሰው ቢቀርብ ገዢው በሁለተኛው ጥያቄ ይደርስበታል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ለደጋፊዎቻችን «60 ሰው ተሳተፈ» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል ናሙናውና ፖስታው ተደምሮ 12,000 ብር ቢያስወጣን፣ 60 ቢመዘገቡ፣ ወጪው በአንድ ሰው 200 ብር ብቻ ይመስላል። ከእነዚህ 20ው ገብተው፣ 4ቱ ዋጋ ጠይቀው፣ አንዱ ብቻ ቢያዝዝ ግን ያ አንድ ገዢ 12,000 ብር ወስዷል ማለት ነው። ከአንድ ጋቢ 300 ብር ትርፍ ቢገኝ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 40 ጋቢ ማዘዝ አለበት። በመዝገባችን የምንጽፈው ይህንን ነው፤ ዋጋ ለጠየቁትም በሁለት ቀን ውስጥ መልስ የምትሰጥ አንዲት ኃላፊ እንመድባለን።

ከሁሉ የሚያሳስበን ደግሞ ቢሳካልንስ ነው። አንድ ድርጅት 200 ጋቢ በሁለት ወር ቢል ማን ይፈትለዋል? የአንድ ጋቢ ፈትል ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ቃል ገብተን ብናጎድል ገዢው አይመለስም፤ ለማድረስ ብንሯሯጥ እናንተ ሌሊት ልትፈትሉ ነው። ስለዚህ በወር ስንት እንደምናደርስ ሳይታወቅ ግብዣ አይላክ እንላለን።

በመጪው ቅዳሜ ለገበያ ስትመጡ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ልቃቂት ይዛችሁ ቢሮ እለፉ። ስማችሁንና ልቃቂቱን ለመፍተል የወሰደባችሁን ቀን እንመዘግባለን። እስከ 11 ሰዓት እንጠብቃችኋለን።