ከመርከብ ላይ የታየች ከተማ፦ ኢብን ባጡጣ፣ ዘይላ እና የዓይን ምስክር ዋጋ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ሰው በአሥራ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የማግሪብ ተወላጅ፣ የሕግ ሊቅና ተጓዥ ኢብን ባጡጣ ነው። ስሙ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። ስለ እርሱ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የተጓዘው ርቀት ነው። እኔ ግን ስለ ምስክርነቱ መናገር እሻለሁ። ይህ ሰው ያየውን እንዴት አየው? እኛስ ቃሉን እንዴት እንቀበለው? የመካከለኛው ዘመን ታሪካችን አንዱ ክፍል በእንግዶች ብዕር የተጻፈ በመሆኑ ጥያቄው በቀጥታ ይመለከተናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢብን ባጡጣ በ1304 በታንጀር ከተማ፣ ከሕግ ሊቃውንት ቤተሰብ ተወለደ። በ1325፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ የሐጅ ሥርዓትን ለመፈጸም ወደ መካ ተነሣ። ወደ ትውልድ አገሩ የተመለሰው በ1349 ነው። በዚህ መካከል ግብፅን፣ ሶርያን፣ ኢራቅንና ፋርስን ዞረ፤ ከየመን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወረደ፤ በአናቶሊያና በመካከለኛው እስያ አድርጎ ሕንድ ገባ። በዴልሂ በሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ሥር በቃዲነት ተሾመ፤ በኋላም በማልዲቭ ደሴቶች ዳኛ ሆነ፤ እስከ ቻይናም እንደ ደረሰ ይተርካል። ከተመለሰ በኋላ አንዳሉስን ጎበኘ፤ ቀጥሎም ሰሓራን አቋርጦ ወደ ማሊ መንግሥት ተጓዘ። የዘመናችን አጥኚዎች ጠቅላላ ጉዞውን ወደ 117,000 ኪሎ ሜትር ይገምቱታል።

ይህን ሁሉ አገር ያዞረው ዋነኛ ስንቁ ትምህርቱ ነበር። ዐረብኛን የሚናገርና የሸሪዓ ሕግን የተማረ ሰው ከታንጀር እስከ ዴልሂ የሚያስተናግደው መድረሳ፣ የሚያሳድረው የሱፊዎች ማረፊያ፣ የሚቀጥረው ሱልጣን አያጣም። ይኸው ትምህርት ግን የዕይታውን አቅጣጫም ወሰነለት፤ በሄደበት ሁሉ ሰውን የሚመለከተው በዳኛ ዓይን ነው። በማልዲቭ ሴቶች ከወገባቸው በላይ እንዲሸፈኑ ለማስገደድ ሞክሮ አልተሳካለትም። በማሊ የፍትሑን ጽናት፣ የመንገዱን ደኅንነትና ሕዝቡ ቁርኣንን በቃል ለማጥናት ያለውን ትጋት አመሰገነ፤ የሴቶቹን አለባበስ ግን አጥብቆ ነቀፈ። ስለዚህ የትኛውንም ገጹን ስናነብ ከሚዛኑ በስተጀርባ ያለውን ፈራጅ መርሳት አይገባንም።

ሁለተኛው ልናስበው የሚገባን ነገር የመጽሐፉ አሠራር ነው። ኢብን ባጡጣ በየደረሰበት እየጻፈ የሄደ ሰው አልነበረም። በቡኻራ ከመቃብር ላይ የገለበጣቸው ጽሑፎች እንኳ ሕንድ ባሕር ላይ በተዘረፈ ጊዜ እንደ ጠፉበት ራሱ ይናገራል። በፌዝ ከተማ፣ በሱልጣን አቡ ዒናን ትእዛዝ፣ ከማስታወሻው ይልቅ ከትዝታው እየቀዳ ሲናገር የጻፈለትና ያቀናበረለት ኢብን ጁዘይ የተባለ የአንዳሉስ ሊቅ ነው። ንግግሩ የተፈጸመው በታኅሣሥ 1355፣ ከመጀመሪያው ጉዞ 30 ዓመት በኋላ ነበር። ጸሓፊው ትዝታው የሳሳበትን ቦታ ከቀደሙ መጻሕፍት ሞልቶታል፤ ስለ መካ፣ ስለ መዲናና ስለ ደማስቆ ከተጻፈው ውስጥ ብዙው የተወሰደው በአሥራ ሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተጓዘው ከኢብን ጁበይር ነው። በቮልጋ ዳርቻ ወደ ነበረችው ወደ ቡልጋር አደረግሁት የሚለውን ጉዞም አጥኚዎች አይቀበሉትም።

ታዲያ እንጣለው? ይህ ጥያቄ በራሱ ዘመን ተነሥቶ ነበር። ታላቁ የታሪክ ፈላስፋ ኢብን ኸልዱን እንደሚተርከው፣ ኢብን ባጡጣ ስለ ሕንዱ ሱልጣን የሚያወራው በፌዝ ቤተ መንግሥት በተሰማ ጊዜ ሰዎች ውሸታም ነው ብለው አንሾካሾኩ። ኢብን ኸልዱንም ጥርጣሬውን ለአንድ ቬዚር አጫወተው። ቬዚሩ በእስር ቤት ስላደገ ልጅ ነገረው። ልጁ ከአይጥ በቀር እንስሳ አያውቅምና አባቱ ስለ በግ በነገረው ቁጥር በግን በአይጥ አምሳል ያስብ ነበር። ኢብን ኸልዱን ከዚህ የተማረው ለማንበብ ሥራችን መመሪያ ይሆነናል፤ አንድን ወሬ ስላላየነው ብቻ አንክደው፤ በተፈጥሮ ሊሆን የሚችለውን ከማይቻለው እየለየን እንመዝነው።

በዚህ ሚዛን የአካባቢያችንን ገጽ እንመልከት። ኢብን ባጡጣ በ1330 አካባቢ ከዐደን ተነሥቶ ዘይላ ደረሰ። ትልቅ ገበያ ያላት ትልቅ ከተማ መሆኗን ይመሰክራል፤ ወዲያውም ከሁሉ የከፋ ቆሻሻና ክርፋት ያለባት ይላታል። ምክንያቱንም ይሰጣል፤ የዓሣው ብዛትና በየመንገዱ የሚታረደው ግመል ደም ነው። ሽታውን ሽሽት፣ ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ፣ በመርከብ ላይ አደረ። ከዚያ 15 ቀን ቀዝፎ ሞቃዲሾ ገባ። ዘይላ ከዚህ ሁሉ መጽሐፍ ያገኘችው አንድ አጭር አንቀጽ ነው።

የገበያውን ትልቅነትና የግመሉን እርድ የምንጠራጠርበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ከዚያ ወደብ ጀርባ በዚያው ዘመን ምን ይካሄድ እንደ ነበር እናውቃለን። የዘይላ ንግድ ወደ ይፋትና ወደ ደጋው የሚያልፍ ነበር። የዐፄ ዓምደ ጽዮንና የይፋቱ ገዥ የሰብረዲን ጦርነት፣ በግእዝ ዜና መዋዕል የተመዘገበው፣ በተለምዶ የሚነገረው በ1332 ነው። ከተጓዣችን የመርከብ ሌሊት በጥቂት ዓመት የሚቀራረብ ማለት ነው። በዘይላ አንቀጽ ውስጥ ግን ስለዚህ አንድ ቃል የለም። ከወደቡ አልፎ አልገባም፤ አልጠየቀምም።

በአንጻሩ በዚያው ዘመን በማምሉክ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ያገለገለውን አል-ዑመሪን እናስብ። በ1349 የሞተው ይህ ሊቅ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ሆኖም ሰባቱን የሙስሊም መንግሥታት፣ ይፋትን፣ ደዋሮን፣ ሐዲያን፣ ባሌንና ሌሎቹንም፣ ከሠራዊታቸው፣ ከአዝመራቸውና ከመገበያያ ብረታቸው ጋር የገለጸልን እርሱ ነው። ምንጮቹ አገሩን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ወደ ካይሮ የመጣው ሸይኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ! ረግጦ ያየው አንድ አንቀጽ ሲተውልን፣ ተቀምጦ የጠየቀው አንድ ምዕራፍ አቆየልን።

ይህን ስል የኢብን ባጡጣን ዋጋ ማሳነሴ አይደለም። በኪልዋ ያገኘው ሱልጣን አል-ሐሰን ቢን ሱለይማን ስሙ በተቀረጸባቸው ሳንቲሞች ተረጋግጧል፤ ከእነዚህ አንዱ እጅግ ርቆ በታላቋ ዚምባብዌ ፍርስራሽ ተገኝቷል። የከተማዋ ቤቶች ከእንጨት ናቸው ማለቱን ግን ከኮራል ድንጋይ የታነጸው የሑሱኒ ኩብዋ ቤተ መንግሥት ያርመዋል። ስለ ማሊም ቢሆን በዚያ ዘመን በዓይኑ አይቶ በስፋት የጻፈ ሌላ ምስክር የለንም።

ስለ እኛም ቢሆን ከዘይላ ይልቅ በሩቅ ገጾቹ የሚነግረን ይበልጣል። በምዕራብ ሕንድ የተሳፈረበት መርከብ 50 ሐበሻ ተዋጊዎች ነበሩበት፤ ከእነርሱ አንዱ እንኳ ካለ የባሕር ወንበዴዎች መርከቡን አይደፍሩትም ይላል። በሕንድ ምድር አላፑር የተባለችውን ከተማ ያስተዳድር የነበረው በድር የተባለ ሐበሻ ነበር፤ የሱልጣኑ ባሪያ ነው። በኮሎምቦም በአንድ ሹም ሥር 500 ያህል ሐበሾች እንደ ነበሩ ይመሰክራል። እነዚህ ሰዎች ከየትኛው መንደር ተነሡ? ስንቶቹ በባርነት ተሸጠው፣ ስንቶቹ በፈቃዳቸው ተጓዙ? ተጓዣችን አልጠየቃቸውም። በዘይላ ወደብ ያላየው የደጋውና የቆላው ሰው ግን በሌላው የባሕር ዳር፣ በጦር መሣሪያና በሥልጣን ታጅቦ፣ ከፊቱ ቆሞ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፤ በዚህ ርእስ ላይ የምትሠሩ ሁሉ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የውጭ ተጓዥን መጽሐፍ ስትከፍቱ የአገራችሁን ስም ከማውጫው ፈልጋችሁ ያንን ገጽ ብቻ አንብባችሁ አትዝጉት። ምስክሩ የት ቆሞ እንዳየ፣ ማንን እንደ ጠየቀ፣ ከስንት ዓመት በኋላ እንደ ተናገረ መርምሩ፤ ከግእዙ፣ ከዐረብኛውና ከመሬቱ ቁፋሮ ጋር አስተያዩት። በመርከቡ ላይ ስለ ቆሙት 50 ሰዎች ታሪክ ገና አልተጻፈም፤ ለመጻፍ የሚያስፈልጉት ቋንቋዎች ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ።