ኳስ ያቆመ ሰው እጁ ላይ ምን ይቀራል?

በቀድሞ ተመራቂዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



አስተባባሪዎቹ «ስለ ስፖርት ትንሽ ተናገር» ሲሉኝ፣ ጎብዬ የሚያስተምር የስፖርት መምህር ከኳስ ሌላ ምን ያወራል ብለው ነው መሰለኝ። አላሳፍራቸውም፣ ስለ ኳስ ነው የማወራው። ግን የምጠይቀው ጥያቄ ማን ስንት ጎል አገባ የሚለውን አይደለም። ተጫዋቹ ኳስ ያቆመ ዕለት ምን ሆኖ ይኖራል? እሱን ነው የምጠይቀው።

ጎብዬን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት በመኪና መስኮት ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ አላውሃን ተሻግራችሁ፣ ሮቢት ሳትደርሱ የምታልፏት ትንሽ ከተማ ናት። ወልድያ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላት። እኛ ዘንድ ሣር የለም። ክረምት ጎርፉ መጥቶ ይሄዳል፣ በጋ ሲገባ ደረቁ የወንዝ አሸዋ ለልጆቹ ሜዳ ይሆናል። በባዶ እግር ነው የሚጫወቱት። ሁለት ድንጋይ ወዲህ፣ ሁለት ድንጋይ ወዲያ፣ በቃ።

ባለፈው ዓመት አንዱ ተማሪዬ ስልኩን ይዞ መጣና «መምህር፣ እነዚህም እንደኛ አሸዋ ላይ ነው የሚጫወቱት፣ ዋንጫ ግን አላቸው» አለኝ። ያሳየኝ የፖርቱጋልን የባሕር ዳርቻ እግር ኳስ ቡድን ነበር። የቀድሞ አምበሉ ማጀር ይባላል፣ ሙሉ ስሙ ዣዎ ቪክቶር ሳራይቫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አንጎላ፣ ሉዋንዳ ውስጥ ተወለደ። ማጀር የሚለውን ቅጽል ያገኘው ከአልጄሪያዊው ከራባህ ማጀር ነው። ይህ ሰው በሣር ሜዳ ስሙ ብዙም አልተጠራም። አሸዋ ላይ ግን ለአገሩ ከሺህ በላይ ጎል አስቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአንድ የዓለም ዋንጫ ብቻ 21 ጎል አገባ። በ2015 እዚያው አገሩ የዓለም ዋንጫ አነሳ፣ በ2019 ደግሞ ፓራጓይ ላይ ሲደግመው ዕድሜው አርባን አልፎ ነበር።

እንዴት ሆነለት? ጨዋታውን የማያውቅ ካለ በአጭሩ ልንገረው። አምስት ለአምስት ነው፣ በባዶ እግር፣ 12 ደቂቃ ሦስት ጊዜ። ሜዳው ከ35 እስከ 37 ሜትር ይረዝማል፣ ከዚያ አይበልጥም። አሸዋ ላይ ኳስ አይንከባለልም፣ ትነጥራለች ያልክበት ቦታ ትቀበራለች። ስለዚህ ኳሷን ከመሬት ማንሳት፣ በአየር ላይ መቀበል፣ ዞሮ በመቀስ ምት መምታት የሚችል ነው የሚያሸንፈው። ሣር ላይ ፍጥነት የሚበልጠው ሰው እዚህ ይሰምጣል። ማጀር ያለውን ችሎታ የሚፈልግ ሜዳ አገኘ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። እኔ ግን ሙሉውን እንዲሰሙ ፈለግሁ። አሸዋ ላይ ዋንጫ የሚያበላ አገር ጥቂት ነው፣ እኛ ደግሞ ከነሱ አይደለንም። ስለዚህ ወደኛው ሰው ወሰድኳቸው፣ ወደ ሉቺያኖ ቫሳሎ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። ኢትዮጵያና ያኔ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኙ። እኛ 2 ለ 1 እየተመራን፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ አቻ አደረገን። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ፣ ቀጥሎም መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፣ 4 ለ 2። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው። እስከዛሬ ያለን የአፍሪካ ዋንጫ ያ አንዱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ አይደል? ልጆቹን ዝም ያሰኛቸው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሉቺያኖ አስመራ ውስጥ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ፣ በወጣትነቱ መካኒክነት የተማረ ሰው ነው። ለድሬዳዋ ጥጥ ተጫወተ፣ ብሔራዊ ቡድኑንም በአሠልጣኝነት ያዘ። በደርግ ዘመን ግን አገር ጥሎ ተሰደደ። ያንን ዋንጫ ያነሳ ሰው ሮም አጠገብ ኦስቲያ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ምን ሠርቶ በላ? ጋራዥ ከፈተ። መፍቻውን ይዞ መኪና ሥር ገባ። ከዚያም እዚያው ለልጆች የእግር ኳስ ትምህርት ቤት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2022፣ በ87 ዓመቱ አረፈ።

እስቲ አስቡት። ሰዉም ቋንቋውም ተቀየረበት፣ ጭብጨባው ቀረ። እጁ ላይ የቀረው ሁለት ነገር ነው፣ ኳስ ማወቁና ሞተር ማወቁ። አንዱ እንጀራ ሰጠው፣ አንዱ ከልጆች ጋር አገናኘው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የምንለው ለሰው ብቻ ሳይሆን ለሙያም ይሠራል።

የዚያ ቡድን ሌሎች ሰዎችም ሜዳ ቀይረዋል። መንግሥቱ ወርቁ ጫማውን ሰቅሎ አሠልጣኝ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ሊቢያ ላይ ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ብሔራዊ ቡድናችንን መራ። ቡድኑን በ1954 ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማም መጀመሪያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው መሩት። ሁሉም አንድ ነገር ይመሰክራሉ፦ ጉልበት ሳያልቅ የተያዘ ሌላ ዕውቀት ነበራቸው።

አሁን ወደ ራያ ልመለስ። የኛ ልጆች ጉልበታቸው ሳያልቅ ነው የሚሄዱት። ቆላው ማሽላ ያበቅላል፣ ዝናቡ ግን እንደፈቀደው ነው። ጦርነቱም በዚሁ መንገድ ነው ወደላይም ወደታችም የሄደው፣ ያየ አይቶታል። ዐሥረኛ ክፍል ሲደርሱ ደላላው ይደውላል። በጅቡቲ በኩል፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሳውዲ። ከማሠለጥናቸው መካከል እንደሱ ግራ እግር ያለው አይቼ የማላውቀው ልጅ አምና ሄዷል። ከሄደ በኋላ እናቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። «መምህር፣» አሉኝ፣ «ኳሱን ስታስተምረው ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ጉልበቱ ሲደክም ማን ያበላዋል ብዬ ጠይቄህ መልስ አልሰጠኸኝም።» እውነታቸውን ነው። እናትዬ፣ መልሱ እኔ ዘንድ ብቻ አልነበረም። መልሱ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ዘንድ ነው።

ስለዚህ ሳልጠይቃችሁ አልወርድም። ገንዘብ አይደለም የምጠይቀው።

አንደኛ፣ ወልድያና ቆቦ አካባቢ የምትሠሩ። ጋራዥ ያላችሁ፣ ኤሌክትሪክ የምትዘረጉ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ፓምፕ የምትጠግኑ፣ ሒሳብ የምትይዙ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ አላችሁ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እያንዳንዳችሁ አንድ ተጫዋች ለሁለት ወር አጠገባችሁ አስቀምጡልኝ። ቢያንስ የፓምፑን ዘይት መቀየር ይወቅ። ጠዋት ሥራ፣ ከሰዓት በኋላ ልምምድ። ልምምዱን ለኔ ተዉት።

ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን። የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ ስትመድቡ ጎብዬንም አስቡልን። አሸዋ ላይ የሚሮጥ ልጅ ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የሚያጠና ሰው ቢመጣ ትምህርቱም ሞልቶ ይወጣል። የዳኝነትና የአሠልጣኝነት ሥልጠና ሲኖርም ለገጠር ወንበር ትንሽ አስቀሩ። ዳኝነት ተምሮ በወረዳ ውድድር የሚያጫውት ልጅ ከኳሱ ሳይርቅ ሌላ ሙያ ያዘ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ውጭ አገር ያላችሁ። ልጆቹ ስለ ስደት የሚሰሙት ከደላላው ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ብቅ ብላችሁ መኪና ማጠብ ምን እንደሆነ፣ የሌሊት ሥራ ምን እንደሆነ፣ ያለ ሙያ የሄደና ሙያ ይዞ የሄደ ሰው እንዴት እንደሚለያይ እናንተው ንገሯቸው። እኔ ብነግራቸው «መምህር ሳይሄድ ምን ያውቃል» ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው።

ሁሉም ልጅ ማጀር አይሆንም፣ ሉቺያኖም አይሆንም። እኔ ዋንጫ ቃል አልገባም። ቃል የምገባው፣ አንድ ሙያ የያዘ ልጅ ደላላው ሲደውልለት ትንሽ ቆም ብሎ እንደሚያስብ ነው። ያቺ ትንሽ ጊዜ ብትገኝ ለኛ ብዙ ናት።

ደብተር ይዤ መጥቻለሁ። ሃያ ሁለት የተጫዋች ስም በግራ በኩል ተጽፏል፣ የቀኙ በኩል ባዶ ነው። በስተቀኝ ስማችሁን፣ ሙያችሁንና ስልካችሁን ትጽፉልኛላችሁ። ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ ነኝ። የቆቦ መኪና 10 ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው፣ እስከዚያ አለሁ።